«ኢትዮጵያ» መርከብ በ1፡50፦ ሬዚኑ አልደርቅ አለ፣ ክብደቷስ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ወገኖች። የድሮ ባሕር ኃይላችንን መርከብ «ኢትዮጵያ»ን በ1፡50፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 50 ጊዜ አሳንሼ፣ በሪሞት የምትሄድ አድርጌ እየሠራሁ ነው፤ ርዝመቷ 1.9 ሜትር። ፋይበር ግላሱን የቀባሁበት ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ሁለት ቀን አልፎትም ጣት ላይ ይጣበቃል። ክብደቷስ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ሬዚኑ ኢፖክሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ብርዱ ነው ወንድሜ። ሃርድነር (የሚደባለቀውን ማጠንከሪያ) ከልኩ በላይ እንዳትጨምር፤ ልኬቱ ከተዛባ ጭራሽ አይጠነክርም። ረፋድ ላይ ቀባው፣ ማታ ቤት አስገብተህ የሚሞቀውን የድሮ አምፖል አብራበት።

ሌላ መልስ፦ ርዝመት ለ50 ሲካፈል ክብደት ለ125,000 (50×50×50) ነው የሚካፈለው፤ ርዝመትም ስፋትም ቁመትም ስለሚያንሱ። ሙሉ ጭነቷ 2,750 ቶን ገደማ ስለነበር 22 ኪሎ ይመጣል። ባለ 12 ቮልት ባትሪዎቹን ወለሉ ላይ አስተኛቸው፤ ከፍ ካሉ ስትታጠፍ ትገለበጣለች። የጎደለውን በእርሳስ ሙላ፣ ግን ገንዳ ውስጥ እያየህ፣ በትንሽ በትንሹ።

የመጀመሪያው መላሽ፦ አንቴናውንም ከውኃው በላይ ከፍ አድርገው፤ የሪሞቱ 2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ በውኃ ውስጥ አያልፍም።