ዓለም አቀፍ የምርት ደረጃ ለአነስተኛ ብረታ ብረት ሠራተኛ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)
ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የወፍጮ መቆሚያ የሚሠራ አነስተኛ የብረታ ብረት ድርጅት አለኝ። ሰሞኑን ከደሴ የመጣ ደንበኛ ሥራውን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ «በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠራ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የምሸጠው እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ጄኔቫ የተቀመጠ ድርጅት ያወጣው ደረጃ ለእኔ ወጪ ከመጨመር በቀር ምን ይጠቅመኛል?

ምላሽ (ከደሴ፣ የመለዋወጫ ነጋዴ)
ወንድሜ፣ ሳያስተውሉት በየቀኑ እየተጠቀሙበት ነው። ከቡሎኖችዎ አንዱን አንሥተው ራሱን ይመልከቱ። 8.8 የሚል ከተቀረጸበት፣ የፊተኛው 8 ብረቱ ሳይበጠስ በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ገደማ ጉተታ መቻል እንዳለበት፣ የኋለኛው ደግሞ የዚህ 80 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ተለጥጦ መቅረት እንደሌለበት ይናገራል። ቡሎኑ የትም ይሠራ የት፣ እኔ መማል ሳያስፈልገኝ ገዢው ያነበዋል። (አስመስሎ የሚቀርጽ አይጠፋም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

አንድ ደንበኛዬ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ላይ የግማሽ ኢንች ዳዶ አስሮ ነበር። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነና የጥርሶቹም ርቀት ስለሚለያይ፣ ዳዶው ጥቂት ዙር ሄዶ ሲይዝ የጠበቀ ይመስላል እንጂ የያዘው በሁለት በሦስት ጥርስ ብቻ ነው። ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ ጥርሱ ተላጠ፤ ሞተሩ ከነማቀፊያው ተንሸራተተ።

ምላሽ (ከኮምቦልቻ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ)
ደረጃና የምስክር ወረቀት የተለያዩ መሆናቸውን ልጨምር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ ማለትም በ1947 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው አይኤስኦ፣ ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ያንን የሚሰጡት ሌሎች መርማሪ ተቋማት ናቸው። ብዙ የሚወራለት አይኤስኦ 9001ም የሚመለከተው የድርጅቱን የአሠራር ሥርዓት ነው፤ መቆሚያዎ ጠንካራ ነው ብሎ አይመሰክርም። ስለዚህ ምስክር ወረቀት ሳይገዙም በደረጃ መሥራት ይችላሉ። ለደንበኛዎ ቡሎኑ ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው 8.8 መሆኑን በደረሰኙ ላይ ቢጽፉለት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ቢጠፋ ተመሳሳዩን ደሴም ሆነ አዳማ ገዝቶ ይተካል። ከጅቡቲ ተነሥተው በከተማችን የሚያልፉት ተሳቢዎች የጫኑት ኮንቴይነርስ በየትኛውም መኪና ላይ ልክ የሚቀመጠው የማዕዘኖቹ ቀዳዳ አስቀድሞ ስምምነት ስለተደረሰበት አይደል?

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፣ የቡሎኑ ነገር ገብቶኛል። የላሜራውስ? ደረሰኙ 2 ሚሊ ይላል፤ በካሊፐር ስለካው 1.8 ነው።

ምላሽ (ከኮምቦልቻ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ)
ደረጃው የሚፈቀደውን መዛነፍም ስለሚወስን፣ 1.8 መሆኑ ብቻውን ማጭበርበር ነው አያሰኝም። ላሜራው በየትኛው ደረጃ እንደታዘዘ ሻጩን ይጠይቁትና ልኬትዎን ከዚያ ጋር ያስተያዩ። የደረጃውን ቁጥር መናገር ካልቻለ ግን ዋጋውን በ1.8 ሒሳብ ይደራደሩት።