ነርስ ነኝ፤ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ ልጀምር አስቤያለሁ። ምክር እፈልጋለሁ

የሌሊት ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ ውስጥ 8 ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ ጋ ከሚተኙት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስትሮክ፣ ስኳር፣ የልብ ድካም። ታክመው ይወጣሉ። ከወር በኋላ ጀርባቸው ቆስሎ ይመለሳሉ። ቤት ውስጥ የሚያገላብጣቸው የለም። ልጆች ካሉም ሥራ ይውላሉ፣ ወይ ውጭ አገር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የተኙ አንዲት እናት ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ተነስተው ሩቅ ሰፈር የገቡ ናቸው። «ድሮ ቡና ሲፈላ ይጠሩኝ ነበር። ሳልወጣ ካረፈድኩ ጎረቤት በሬን ያንኳኳል። አሁን ማን ያንኳኳል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እናቴ ግን ሐሳቤን ስነግራት «ተምረሽ ተምረሽ የሰው ሽማግሌ ልታጥቢ ነው?» አለችኝ። ለዚህ ሥራ ብር መቀበልስ ነውር ነው? ዋጋው እንዴት ይወጣል? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ንገሩኝ።

ጡረተኛዋ ሜትረን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሆስፒታል ውስጥ 26 ዓመት ሠርቼ በሜትረንነት፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ ሆኜ ነው የወጣሁት። ከዚያ አራት ኪሎ ሁለት ክፍል ተከራይቼ አንቺ ያሰብሽውን ሥራ ጀመርኩ። ይኸው 7 ዓመቴ። ዛሬ 19 አስታማሚዎች አብረውኝ ይሠራሉ።

በእናትሽ ልጀምር። አትቆጪያቸው። የእኔም እናት ያንኑ ብላኛለች። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ጎንበስ ብለው የምእመኑን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። ልዕልት ፀሐይ እንኳ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሆነው በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተምረዋል። እናትሽን የከበዳቸው ማጠቡ ሳይሆን ብሩ ይመስለኛል። ጧሪ በብር ይገዛል ወይ ነው ነገሩ። እኔ ለእናቴ እንዲህ አልኳት፦ የልጁን ቦታ አልወስድም። ልጁ ማታ ደክሞት ሲገባ ቁስል ከሚያጥብ፣ አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዲያወራ ነው የምሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደንበኛሽ ማን ነው? እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁበት።

በመጀመሪያው ዓመት ፒያሳ አካባቢ አንዲት የ81 ዓመት እናት ያዝኩ። በስትሮክ ግራ ጎናቸው ደክሟል። ብሩን የምትልከው አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ገላ መታጠብ፣ 1 ተኩል ቁርስ፣ 2 ሰዓት እንቅስቃሴ ብላ ጽፋ ላከችልኝ። እኔም ፈረምኩ። አስታማሚዋ በሰዓቱ ስትደርስ እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጸሎት ላይ ናቸው። ቀስ ብላ ከእጃቸው ትወስድና ወደ መታጠቢያ ቤት ይዛቸው ትሄዳለች። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ እምቢ አሉ። ልጅየዋ ደውላ ሐኪም ይምጣ አለች። ከሐኪሙ በፊት እኔ ሄጄ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ» አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ውሉን ቀየርኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ «የቀኑን ፕሮግራም የሚወስኑት አረጋዊው ራሳቸው ናቸው» የሚል አስገባሁ። ከፋዩ ማንም ይሁን። የታዘዘ መድኃኒት ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ሌላው በእሳቸው ፈቃድ ነው። እማማ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ 4 ሰዓት ላይ መታጠብ ጀመሩ። መብላትም ጀመሩ። በዚህች መስመር የተነሳ ሁለት ደንበኛ ትቶኝ ሄዷል። ይሂድ።

ዋጋ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የ24 ሰዓት እንክብካቤ ሲባል «ሁለት ሰው ይበቃል» ይላሉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ስታካፍይው ሦስት ተኩል ሰው ይመጣል። ሕመምና ፈቃድ ሲጨመርበት አራት። በሁለት ሰው ሒሳብ ተዋውለሽ ከገባሽ መጀመሪያ የአስታማሚዋ ወገብ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የታማሚው ጀርባ። እንቅልፍ ያጣች ልጅ በየ2 ሰዓቱ አታገላብጥም።

ማገላበጥን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። የተማርነው «ቀላ ያለ ቦታ ፈልጊ» ተብለን ነው። እንደኛ ባለ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ በዓይንሽ ብቻ አትመኚ። የእጅሽን ጀርባ ተረከዛቸው ላይ አሳርፊ። ከዙሪያው ሞቅ ካለ፣ ወይ ጠጠር ካለ፣ ወይ ላላ ካለ፣ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል ማለት ነው። አትሺው። ማሸት ያብሰዋል። ከባታቸው ሥር ትራስ አድርገሽ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ አንሺው። አዲስ አስታማሚ ስቀጥር ጫማዬን አውልቄ በራሴ ተረከዝ ነው የማስለምዳት።

ወረቀቱን በአጭሩ ልንገርሽ። ንግድ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የብቃት ማረጋገጫም ያስፈልግሻል። የሙያ ፈቃድሽ ጊዜው እንዳያልፍ የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ነጥብሽን ከአሁኑ ሰብስቢ።

የአባቴ ልጅ

እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ከፋይ ነኝ። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። የጠዋት ኪኒናቸውን ግን ይውጣሉ። አንድ ቀን ላብ አጥምቋቸው፣ አፋቸው ተሳስሮ አገኘኋቸው። ስኳራቸውን ስለካው 52 ነበር። ነርሶች ከ70 በታች ሲሆን እንደሚያሰጋ የነገሩኝ በኋላ ነው። ደግነቱ መዋጥ ይችሉ ነበርና ስኳር በጥብጬ ሰጠኋቸው።

ያኔ የነበረችው አስታማሚ «አይጹሙ» እያለች በየቀኑ ትጨቃጨቃቸው ነበር። እልህ ያዛቸው። ቀጥላ የመጣችው ሲስተር ግን ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «አባባ፣ የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። በሳምንቱ ካህኑ ቤታችን መጡ። ሲስተር የስኳሩን መዝገብ አሳየቻቸው። ካህኑ ራሳቸው ሰዓቱን ፈቱላቸው። ሐኪሙም መድኃኒቱን አስተካከለላቸው። አባባ ዛሬም የጾም ምግብ ነው የሚበሉት፣ ግን ጠዋት ይበላሉ። ደስ ብሏቸው።

ብር መቀበል ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ የምከፍለው ከብዶኝ ነው። ግን አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የግማሽ ቀን አገልግሎት ይኑርሽ። እንደኔ ያለ ደመወዝተኛ ሙሉውን አይችልም።

የሌሊት ተረኛ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሲስተርን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ «ያቺ የፒያሳዋ እናት አሁንም አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሲስተር፣ አንድ ልጨምር። መክፈል ለማይችሉትስ ምን ያደርጋሉ? ሥራዬን ለቅቄ ልጀምር ወይስ ከሥራዬ ጎን?

ጡረተኛዋ ሜትረን

ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ እማማ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በቤታቸው፣ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ሆኖ።

ማንም የሌላቸውን ስናገኝ ወደ መቄዶንያ እናመለክታለን። ቢንያም በለጠ ያቋቋመው ማዕከል ነው። በዕረፍት ቀንሽ ሄደሽ በበጎ ፈቃድ ብትሠሪ በአንድ ወር ውስጥ እጅሽ የሚማረውን ሌላ ቦታ አታገኚውም። ቤተሰብ ኖሯቸው ብር ለሌላቸው ደግሞ በወር አንድ እሑድ የሰፈር እድር ስብሰባ ላይ እገኛለሁ። አገላብጦ ማስተኛትን፣ ሰው ሲያበሉ ቀና አድርጎ ማስቀመጥን፣ ተረከዝ መዳሰስን አሳያለሁ። ድንኳኑ ሥር አልጋ ዘርግተን ነው። መጀመሪያ የሚተኙልን የእድሩ ዳኛ ናቸው።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። በእግርሽ የምትደርሺባቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ያዢ። ከዋርድሽ የወጡ ታማሚዎችን ግን ለራስሽ አትመልምይ፣ ከአለቆችሽ ጋር ያጋጭሻል፣ ታማሚውም ነጻ ሆኖ አይመርጥም። ስድስት ወር እይው።

የውሉን ናሙና በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። እንደሚመችሽ አስተካክይው። ሁለተኛውን መስመር ብቻ እንዳትነኪብኝ።