የአይብ አጓት ሳይደፋ እንዴት መጠጥ ይሆናል?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)
ሰላም እህት ወንድሞች። ለክትፎ አይብ ላወጣ 8 ሊትር አሬራ ጥጄ አንድ ኪሎ የምታክል አይብ አገኘሁ፤ የቀረው ትልቅ ድስት ሙሉ አጓት ነው። እናቴ ገጠር እያለች ለጥጃ ትሰጠው ነበር። እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም ነው፣ መድፋቱም አላስችል አለኝ። ባለፈው ስኳርና ዝንጅብል ጨምሬ በጠርሙስ አስቀመጥኩት። አረፋም አላወጣ፤ በአራተኛው ቀን ላዩን ሻጋታ ሸፈነውና ደፋሁት። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
እህቴ፣ አሬራው እስኪንተከተክ አፍልተሽው ይሆን? እርጎውን ያኮመጠጠው ሕይወት በእሳት ይሞታል። ቤቱ ባዶ ሲሆን ሻጋታው ቀድሞ ይገባል። እኔ አጓቱን በንጹሕ ነጠላ አጠልና ለብ ሲል ለ1 ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ (ከተፈላ ወተት የረጋ)፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከነልጣጩ ታጥቦ የተወቀጠ ዝንጅብል እጨምራለሁ። አፉን በጨርቅ አስሬ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ከዚያ አጥልዬ በጠርሙስ። የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ግን አታሳድሪው፣ ኮምጣጣ ነው።

ጠያቂዋ
አዎ፣ በደንብ ነው ያፈላሁት! ግን አጓቱ የራሱ ጣፋጭነት አለው፤ ስኳሩ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ (ከሐዋሳ)
ያ ጣፋጭነት ላክቶስ (የወተት ስኳር) ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 4 ግራም አካባቢ ይኖራል። የእርጎው ባክቴሪያ ይበላዋል፣ የዳቦ እርሾ ግን አይችልም። አረፋውን የሚሰጠው ደግሞ እርሾ ነው። ስለዚህ ስኳር ወይም ማር ስጪው። ከዝንጅብሉ ልጣጭ የሚገኘው እርሾ ከዘገየብሽ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ይበቃል። ኬፊር (ወተት የሚያኮመጥጥ የባክቴሪያና የእርሾ ድብልቅ) ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ በውስጡ ላክቶስ የሚበሉ እርሾዎች አሉ። ላክቶሱ ሁሉ ስለማያልቅ ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው በትንሹ ይጀምር።

መልስ (ከዙሪክ)
እዚህ ስዊዘርላንድ ከ1952 ጀምሮ ከአጓት የሚሠራ ሪቬላ የሚባል ለስላሳ አለ፤ በየሱቁ ይሸጣል። እኛ ለምን እንደፋለን? አንድ ነገር አደራ፦ የመስታወት ጠርሙስ አትጠቀሚ። የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ልብሴ ላይ ሁሉ ተበተነ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰጂ፣ አራት ጣት ያህል አጉድይው። በእጅሽ ስትጫኚው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ወዲያው ፍሪጅ!

መልስ (ከጎጃም)
ልጄ፣ ዕቃውን በግራዋ እጠቢው፣ በወይራም አጥኚው፤ ጭሱ ግን ለጠላ እንደሚደረገው አይብዛ፣ እርሾውን ያደክመዋል። ጌሾ አትጨምሪበት፤ ምሬቱና ኮምጣጣነቱ አይስማሙም። ጤና አዳም አንድ ቅጠል ይበቃል። ሐሙስ ማታ ብትጀምሪው ዓርብን በዕቃው ያልፍና ቅዳሜ ወይ እሑድ ይደርሳል። ሲቆይ አልኮል ስለሚያበጅ ለልጆች አትስጪ።

ጠያቂዋ (እሑድ)
እማማ፣ እንዳሉኝ ሐሙስ ጀመርኩ። ጠርሙሱ ዛሬ ጠዋት ጠጠረ! ኮምጠጥ ያለ፣ ዝንጅብሉ አፍንጫ የሚነካ፣ አረፋውም ጥሩ ነው። ጎረቤቴ አንዱን ጠርሙስ ይዛ ሄደች። ፍሪጅ ያቆየሁትን 3 ሊትር በውኃ ፋንታ ለድፎ ዳቦ ላቦካበት ነው።