የ15 ዓመት ልጄ ሌሊት አይተኛም፣ ጠዋት አይነሳም። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትንሹ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ምሽት 2 ሰዓት ሲል ድፍት ይላል። ትልቁ 15 ዓመቱ ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስደውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እሱን መቀስቀስ ሌላ ጣጣ ነው። ቅዳሜና እሁድ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ስንፍና ነው ወይስ ሕመም?

ቆፍጣናው፦ ስልኩን ቀሚው። በሳምንቱ 3 ሰዓት ላይ ሲያንኮራፋ ትሰሚዋለሽ።

ነርስ ነኝ፦ ስልክ ያባብሰዋል እንጂ ነገሩ እሱ ብቻ አይደለም። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ራሱ ይዘገያል። ሜላቶኒን የሚባለው፣ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሆርሞን ማታ መመንጨት የሚጀምረው ከልጅነቱ ጊዜ 1 ወይም 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ድካሙም እንደ ትንሹ ቶሎ አይጫነውም። የሚያስፈልገው እንቅልፍ ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይመከራል፤ ከ13 እስከ 18 ላሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ያንቺ ልጅ የሚያገኘው 5 ሰዓት ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕዳውን እየከፈለ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ታዲያ 3 ሰዓት ላይ በግድ ላስተኛው?

ነርስ ነኝ፦ ጣሪያ ሲያይ ያመሻል እንጂ አይተኛም። ከጠዋቱ ጀምሪ። እንደነቃ መጋረጃውን ክፈቺ፣ ውጭም ይውጣ፤ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስቀድመዋል። ከዚያ የመኝታ ሰዓቱን በየጥቂት ቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ቀደም አድርጊው። ከሰዓት በኋላ ቡናና ኃይል ሰጪ መጠጥ ይቅርበት። በዕረፍት ቀን ከወትሮው 1 ወይም 2 ሰዓት ቢያረፍድ ምንም አይደል። እስከ እኩለ ቀን ከተኛ ግን እሁድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ተኝቶ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ወይም በደንብ ተኝቶም ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ ሐኪም ይየው።

የሌሊት ወፍ፦ እኔ 24 ዓመቴ ነው፤ ልክ እንደ ልጅሽ ነበርኩ። ማምሸቱ የሚብሰው 20 ዓመት አካባቢ ነው፣ ሴቶች ላይ ትንሽ ቀደም ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። እስከዚያው ሰነፍ አትበይው። ቁምነገር ካለሽ ደግሞ ጠዋት አታውሪው፣ ምንም አይገባውም!

የሁለት ልጆች እናት፦ ተባረኩ። ስልኩንስ ልቀማው?

ነርስ ነኝ፦ መቀማት ጠብ ነው የሚያመጣው። ማታ ማታ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። ያንቺም አብሮ።