ሰነዱ ከመምጣቱ በፊት፦ የሐዋሳ የጋዜጠኞች ማኅበራችን የጋራ ፕሮፖዛል

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው። መነሻ ያደረግኩት የፓናማ ሰነዶችን ነው፤ ሀብታሞችና ባለሥልጣናት ውጭ አገር በከፈቷቸው ኩባንያዎች ጀርባ እንዴት እንደተደበቁ ያጋለጡትን። ማንነቱን የደበቀ አንድ ሰው ለጀርመኑ ዙድዶይቸ ሳይቱንግ ጋዜጣ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ሰጠ። ጋዜጣው ለብቻው ሊይዘው ይችል ነበር። ግን ለዓለም አቀፉ የምርመራ ጋዜጠኞች ጥምረት አካፈለው። ከ100 በላይ መገናኛ ብዙኃን አንድ ዓመት ያህል ድምፃቸውን አጥፍተው ሠሩ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2016 አንድ ላይ አወጡት። በቀናት ውስጥ የአይስላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ለቀቁ። እኛም እንዲህ አብረን የምንሠራበትን የምርመራ ክፍል (ዴስክ) እንጠይቅ። በጀቱ ላይ አራት ላፕቶፕ አስገብቻለሁ። አስተያየት ስጡበት።

የሬዲዮው ባልደረባ፦
እህቴ፣ በርቺ። ግን የእኛ አካባቢ ጉዳይ የታለ? ወደ ሞያሌና ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ በከተማችን ያልፋል። የሲዳማ ቡና ከገበሬው እጅ ወጥቶ ባሕር ማዶ እስኪቆላ ድረስ በስንት ኩባንያ ስም ያልፋል? የኩባንያዎቹ እውነተኛ ባለቤቶች እነማን ናቸው? አድማጬ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ከኬንያ ጋዜጠኞች ጋር እንጣመር። እነሱ የማያገኙትን እኛ እናገኛለን፣ እኛ የማንደርስበት እነሱ ይደርሳሉ።

ጋሼ (የቀድሞው አርታኢ)፦
ልጆቼ፣ ላፕቶፑ ይቆየን። ረቂቁን ሁለቴ አነበብኩት። ሰነዱን ስለሚያመጣው ሰው አንድ መስመር የለውም።

ከዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ የውል ኮፒ አመጣልኝ። ጽሑፉን ሳወጣ የገጹን ፎቶ እንዳለ አብሬ አተምኩት። ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረች ትንሽ ማስታወሻ ነበረች። በሳምንቱ የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ታወቀ። ከሥራው ተባረረ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ባሰ። ፋይሉ ራሱ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተቀየረ ይናገራል። ስለዚህ የፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ስለ ምንጭ ጥበቃ ይሁን። ዋናው ሰነድ ኢንተርኔት በማያውቅ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀመጥ። የገጽ ፎቶ አይውጣ፤ ይዘቱ እንደገና ይተየብ። በስልክ ስም አይጠራ።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ስለ ምንጭ ጥበቃ የሚለውን ከነገደቡ እጨምራለሁ። ሌላም አለ። ውጭ አገር ኩባንያ መክፈት በራሱ ወንጀል አይደለም። ስሙ የተገኘ ሁሉ ሌባ አይባልም። ከማውጣታችን በፊት በቂ ጊዜ ሰጥተን መልሱን እንጠይቀው። ሕዝብን የማይመለከት የግል ጉዳይ ደግሞ ባለበት ይቅር።

አስተባባሪዋ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። የምንጭ ጥበቃውን ከፊት አድርጌዋለሁ። ላፕቶፑን ወደ ሁለት ዝቅ አደረግኩ፤ አንዱ ኢንተርኔት የማይነካው ነው። በተረፈው ገንዘብ ሥልጠና እንሰጣለን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለሁሉም ክፍት በሆነ መረጃ እንለማመድ። ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ጥምረት ከ800 ሺህ በላይ ኩባንያዎችና ትረስቶች (ሀብት በአደራ በሌላ ስም የሚያዝባቸው) ያሉበትን መዝገብ በነፃ ከፍቶታል። የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብም በነፃ ይታያል። የቡናውን ጥያቄ ከዚያ እንጀምር። ድብቅ ሰነድ መጣም አልመጣም እጃችን ይፍታታል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የምንጩን ስም ስንት ሰው ይወቅ?

የሬዲዮው ባልደረባ፦
ሁለት ሰው ይበቃል። ጋሼ አንዱ ይሁኑ። የቡናውን ክፍል እኔ እጽፋለሁ፤ ለቅዳሜ ይደርሳል።

ጋሼ፦
ሁለት ይበቃል። እኔ ግን አልሁን። ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። እኔ ጋ ሲመላለስ የታየ ሰው ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ብዙ የማይታወቁ ሁለት ልጆች ምረጡ። እኔ አሠራሩን አሳያቸዋለሁ።