የፈርን ቅጠል ያለበት የብረት አግዳሚ ወንበር፦ የእንግሊዙ ብረት አቅላጭ ፋብሪካ የኮልብሩክዴል ነው ወይስ የሌላ?

ለንደን ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የአትክልት ቦታ አግዳሚ ወንበር ገዛሁ። ጀርባውና ጎኖቹ ከቀለጠ ብረት የተሠሩ የፈርን (ላባ የሚመስል ቅጠል ያለው፣ አበባ የማያወጣ ተክል) ቅጠልና የእንጆሪ ሐረግ ጥልፍልፍ ናቸው፤ መቀመጫው እንጨት ነው። ነጋዴው «የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ የኮልብሩክዴል ሥራ» ብሎ ምሎልኛል፤ የነጋዴ መሐላ ግን ያው የነጋዴ መሐላ ነው። ማግኔት ስለሚይዘው ከዛሬዎቹ የአሉሚኒየም ቅጂዎች አንዱ አይደለም። የፋብሪካ ስም የለበትም።

የተደራረበውን ቀለም በማስለቀቂያ ሳነሣው፣ ከ1842 እስከ 1883 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ለተመዘገቡ ንድፎች ይሰጥ የነበረው የአልማዝ ቅርጽ ምልክት ብቅ አለ። አናቱ ላይ ብረታ ብረትን የሚያመለክተው የሮማውያን አንድ ቁጥር አለ። ከሥሩ ያለውን ማዕዘንና የግራውን ዝገት በልቷቸዋል፤ በቀኝ ማዕዘን ግን «ኤች» የሚለው የላቲን ፊደል በግልጽ ይነበባል።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ኮልብሩክዴል የፈርንና የእንጆሪ ንድፉን ያስመዘገበው በ1858 ሲሆን፣ እስከ 1867 የምዝገባውን ዓመት የሚያመለክተው ፊደል የሚቀመጠው በላይኛው ማዕዘን፣ የቀኑ ቁጥር ደግሞ በቀኝ ነበር። ፊደሉ ወደ ቀኝ የዞረው በ1868 ነው፤ በዚያ ቦታ «ኤች» ማለት 1869 ነው። በዚያ ዓመት የፈርን ቅጠል ወንበር ያስመዘገበ ሌላ ብረት አቅላጭ ፋብሪካ የምታውቁ አላችሁ?