ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጎመኔን ክሽክሽ ወረረው፣ አየሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ጓሮ ጀማሪ፦
ሰላም ናችሁ የጓሮ ሰዎች። ሰሚት አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ሶስት በአራት ሜትር የምትሆን መደብ አለችኝ፣ ሐምሌ ላይ ሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ተከልኩባት። ክረምቱን ሙሉ ከቀንድ አውጣ በስተቀር የነካው ነገር የለም፣ እሱንም ማታ ማታ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ስለቅመው ከረምኩ (ባለቤቴ ከጉልት ገዝተሽ አትገላገይም ወይ እያለ ይስቅብኛል)። መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጥርግ ብሎ ወጣ፣ ከዛ ሶስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ የቅጠሉ ጀርባ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግራጫ የሆነ ጥቃቅን ነፍሳት እላይ በላይ ተደራርቦ፣ ቅጠሉም ተጨማዶ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ጎረቤቴ እትዬ "ክሽክሽ ነው ልጄ፣ ህዳር ላይ ብርዱ ይጨርሰዋል" አሉኝ። ይኸው ህዳር ገባ፣ ብርዱ እኔን ጨረሰኝ እሱ ግን ምንም አልሆነም። በመሃል ከአንድ ሱቅ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስሙ የማይታወቅ መድሃኒት ገዝቼ ረጨሁ፣ ሶስት ቀን ፀዳ ከዛ በሁለት ሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ መጣ። እውነት ይሄ ነገር ከአየር ጋር ይገናኛል? ከሆነስ እስከ በልግ ዝናብ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

አበባ እርሻ ነበርኩ፦
እህቴ ግማሹ አየሩ ነው ግማሹ ግን አንቺ ነሽ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ቢሾፍቱ አበባ እርሻ ውስጥ ስካውት ነበርኩ፣ ስራዬ ሌንስ ይዞ ቅጠል እየገለበጡ ተባይ መቁጠር ነበር።
ክሽክሽ በኛ አገር ሁኔታ ወንድም አያስፈልጋትም እንቁላልም አትጥልም፣ ሴቷ ብቻዋን ልጅ ትወልዳለች። ነፍሳት የራሳቸው የሰውነት ሙቀት ስለሌላቸው አየሩ ሞቅ ባለ ቁጥር ይፈጥናሉ፣ ደህና ሙቀት ካገኙ የተወለዱት ልጆች በሳምንት በአስር ቀን እነሱም መውለድ ይጀምራሉ፣ እንግዲህ አስቢው። ክረምት ላይስ የት ነበሩ ካልሽ እዛው ነበሩ፣ ግን ዶፍ ዝናብ ከቅጠሉ ያራግፋቸዋል፣ የወደቀችው ብዙ ጊዜ ተመልሳ አትወጣም። እርጥበቱ ሲበዛ ደግሞ ሻጋታ ይይዛቸውና ቅጠል ላይ እንደተለጠፉ ይሞታሉ። ክረምቱ ያለ ደሞዝ ሲሰራልሽ ነበር ማለት ነው። ሰማዩ ሲጠራ ሁለቱም ቀረ፣ የቀሩት ክሽክሹን የሚበሉት ነፍሳት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ምግብ ሲበዛ ነው የሚመጡት ስለዚህ ሁሌም ይዘገያሉ። አንቺ ደግሞ ልክ ሲደርሱ መድሃኒት ረጨሽባቸው። ክሽክሹ በቶሎ ወልዶ ይተካል እነሱ ግን አይችሉም፣ ብሶ የተመለሰው ለዛ ነው።
አሁን ሄደሽ ቅጠሉን ገልብጪና ሁለት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ እብጥ ያለ፣ የቡና ወተት ቀለም ያለው፣ ክብ ቀዳዳ ያለበት ክሽክሽ ካገኘሽ ከጉንዳን የምታንስ ተርብ ውስጡ እንቁላል ጥላ ልጇ በልታው ወጥታለች ማለት ነው፣ እሱን ቅጠል እንዳትጥዪው። ሁለተኛ፣ ጥቁር ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት ትንሽዬ አዞ የሚመስል ነገር አለ፣ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል፣ የዛች ክሽክሽ የምትበላ ቀይ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጅ ነው።
በልግን አትጠብቂ፣ ዝናቡን አንቺው ሁኚ። በየሁለት ሶስት ቀኑ ጠዋት ጎማውን አፉን ጠበብ አድርገሽ የቅጠሉን ጀርባ በኃይል እጠቢው። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ እርጥብ ሆኖ ካደረ ቀንድ አውጣና በሽታ ትጋብዣለሽ። ክፉኛ የተጠቀለለውን ቅጠል ቆርጠሽ አውጪ። ዩሪያ አታብዢ፣ ለምለሙን ይወዱታል። ያ ስሙ የማይታወቅ ነገር የተረጨበትን ቅጠል ደግሞ በጭራሽ ለልጆች እንዳታበይ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ብርድ ይጨርሰዋል የሚለው ነገር ያስቀኛል። አዲስ አበባ ህዳር ላይ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀን ላይ ፀሐዩ 23 ዲግሪ ምናምን ይደርሳል፣ ክሽክሹ ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት ስራ ይገባል። እኛ ጋ 2,800 ሜትር ላይ ውርጭ ሲወርድ ባቄላው ጠቁሮ ያድራል፣ የጎመኑ ክሽክሽ ግን ልብ ቅጠሉ ውስጥ ተሸጉጦ ይቆይሃል።
ዝናብ ሁሌ ጠላታቸው ነው እንዳትሉ ደግሞ። ተምች ድርቅን ተከትሎ ዝናብ ሲጥል ነው የሚፈላው። በ2012 ያየነው አንበጣም መነሻው ዝናብ ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የአረብ በረሃ ላይ አዘነቡበት፣ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ስለሆነ እዛ ተራብቶ ተራብቶ እኛ ጋ ደረሰ።

መቂ ቲማቲም፦
ሁላችሁም ዝናብ ዝናብ ትላላችሁ፣ እኔን ክረምት ነው የሚገድለኝ። ደመናና እርጥበት ከሰነበተ ቲማቲሙን የራሱ የሻጋታ በሽታ ይመታውና (ገበሬው ምች መታው ይላል) ቅጠሉ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ይሆናል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ቱታ የምትባል የቲማቲም ተባይ አለች፣ በፈረንጆቹ 2012 አካባቢ ነው አገራችን የገባችው፣ ትሏ በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መሃል ገብታ ስለምትበላ ከላይ የረጨኸው አያገኛትም። ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ 14 ዲግሪ ላይ 76 ቀን ይፈጅባታል፣ 27 ዲግሪ ላይ ግን 24 ቀን ብቻ። ስለዚህ እኔ ካላንደር ሳይሆን ሙቀት ነው የማየው፣ ሶስት አራት ቀን በተከታታይ ከሞቀ በየቀኑ ማሳ እዞራለሁ።

ሽሮ በልቅሶ፦
ለቀንድ አውጣው እንዶድ በጥብጠሽ ብትረጪስ? እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ሲባል ሰምቻለሁ።

አበባ እርሻ ነበርኩ፦
@ሽሮ በልቅሶ የሰማኸው ልክ ነው ግን እሱ የወንዙ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ማለት ነው። አሳም ስለሚገድል ቦይ አጠገብ አልደፍረውም። ለጓሮ የስልክ ባትሪዋ ትሻላለች።
ባይዘዌይ አቧራ ያለበት መንገድ ዳር የተከላችሁ ካላችሁ በበጋ ቀይ ሸረሪት ከሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይም ተጠንቀቁ፣ ደረቅና ሞቃት ነገር ይወዳል። እኛ ግሪንሀውስ ውስጥ ሁሌ ቆጠራ የምንጀምረው ከበሩ አጠገብ ነበር፣ አቧራው የሚገባው በዛ ነዋ።

ጓሮ ጀማሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁኑኑ ወጥቼ ገለበጥኩ፣ ቀዳዳ ያለው እብጥ ያለ ነገር አንድ ቅጠል ላይ ብቻ አስራ አንድ ቆጠርኩ!! አዞዋን ግን አጣኋት ብዬ ለባለቤቴ ሳወራው ፊቱ ተለዋወጠ፣ ለካ ትናንት ሊያግዘኝ ብሎ "የሚናከስ ትል" ነው እያለ ስምንቱን በጫማው ጨፍልቋቸዋል።